የሦስተኛው እግር ቆርኪ

ጋሽ አራጋው ማረፋቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከስምንት ቀን በኋላ ነው። ከጋሸና የመጣ የሚኒባስ ረዳት የመሥሪያ ቤታችን በር ላይ ቆሞ፣ እዚህ ይሠሩ የነበሩት የኮን ከተማው ሽማግሌ አርፈዋል፣ ለባልደረቦቻቸው ንገር ተብዬ ነው አለን። መልእክቱን አድርሶ የሻይ ቤት መንገድ ጠየቀና ሄደ። ጥበቃችን አያ እሸቴ ባርኔጣውን አውልቆ ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እኔ ወደ ውስጥ ገባሁ፤ ጫማዬን በሩ ላይ አወለቅኩና የብልሽት መዝገቡን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ሌላው ሰው ፊታቸው ታውሶት ይሆናል፤ እኔን የታወሰኝ እጅ ጽሑፋቸው ነው።

በዚያ መዝገብ ውስጥ አንድ ገጽ አለ። በጋሽ አራጋው እጅ የተጻፈ፣ በጋሽ አራጋው ፊርማ የተዘጋ የጥፋት ገጽ ነው። ጥፋቱ ግን የእሳቸው አልነበረም። የእኔ ነበር። ይህን የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ያን ቀን እኔ ብቻ ቀረሁ።

ሥራችን ላሊበላ ዳር፣ ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ ባለ የድንጋይ ቤት ውስጥ ነው። ከአብያተ ክርስቲያናቱ የሚረግፈውን ቀይ ድንጋይ በስሱ እየቆረጥን በኃይለኛ ማይክሮስኮፕ እናየዋለን፤ ዝናቡ የትኛውን ቅንጣት እንደሚያሟሟው፣ ለጥገናው ምን ዓይነት ልስን እንደሚስማማው ይለያል። ማይክሮስኮፑ ጉድ የሚያሰኝ ነው፤ ነገር ግን ከሱ የባሰ ስስ ነገር የለም። በበሩ አህያ ካለፈች ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ስለዚህ የተቀመጠው ተራ ጠረጴዛ ላይ አይደለም። ከባዱ የጠረጴዛ ገበታ በአራት ወፋፍራም እግሮች ላይ ተንሳፎ የሚቆም ነው። በየእግሩ ውስጥ የወለሉን ንቅናቄ የሚያዳምጥ መሣሪያና ንቅናቄውን በተቃራኒው የሚገፋ ትንሽ ሞተር አለ። ወለሉ ወደ ላይ ሲገፋ እግሩ ወደ ታች ይሸሻል፤ ገበታው ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም ብሎ ይቆማል።

የዚህ ጠረጴዛ ሐኪም ጋሽ አራጋው ነበሩ። በወጣትነታቸው ፍላቂት ገበያ ላይ ሬዲዮ ሲጠግኑ፣ ከዚያ ኮምቦልቻ በአንድ ፋብሪካ የሽመና ማሽን ሲጠብቁ ኖረው፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ነው ወደ እኛ የመጡት። ጠረጴዛውን የተከሉት ባለሙያዎች ሦስት ሳምንት አስተምረዋቸው ሲሄዱ፣ ከመመሪያው መጽሐፍ ይልቅ መዳፋቸውን የሚያምኑ ሰው እጅ ላይ ጥለውት መሄዳቸውን አላወቁም። ረጅም፣ ጎንበስ ያሉ፣ ጣቶቻቸው እንደ ገበሬ ጣት የወፈሩ ሰው ነበሩ። ሥራ ሲጀምሩ ወለሉ ላይ በርከክ ብለው መዳፋቸውን ያሳርፋሉ፣ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ በኋላ ነው ኮምፒውተሩን የሚከፍቱት።

ጠረጴዛው ክፍል ውስጥ በጫማ መግባት የከለከሉት እሳቸው ናቸው። ከላሊበላ ሰው ጋር በዚህ ላይ ክርክር አያስፈልግም፤ ጫማ የሚወልቅበትን ቦታ ሁሉም ያውቃል። ሥራ አስኪያጁ ግን ከሌላ አገር የመጣ ነበርና አንድ ቀን እየሳቀ፣ ይህም ቤተ መቅደስ ሆነ እንዴ አላቸው። ጋሽ አራጋው አልሳቁም። ተረከዙ በድንጋዩ ላይ ሲያርፍ ማይክሮስኮፑ እንደሚሰማው ነገሩትና፣ አንድ ጊዜ በጫማ አንድ ጊዜ በካልሲ አስረግጠው ሁለቱን ምስል አሳዩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጫማው በሩ ላይ ነው።

እኔ የተቀጠርኩት መረጃ መዝጋቢ ሆኜ ነው። የብልባላ ልጅ ነኝ። እናቴ እዚያው ገበያው አፍ ላይ ሻይ ቤት ነበራት፣ እኔም የሻይ ቤት ልጅ ነኝና ገና በመጀመሪያው ሳምንት ጋሽ አራጋው ጉዴን አወቁት። ምሳ የምንበላበት ቤት ጠረጴዛው ሁሉ ይወላገዳል። ወንበር ከመሳቤ በፊት ጠረጴዛውን በጣቴ ነካ አደርግና፣ ካዘነበለ ጎንበስ ብዬ ከወለሉ ቆርኪ ለቅሜ እግሩ ሥር እሰካለሁ። ሳላስበው ነው። የእናቴ ቤት ወለል ጭቃ ስለነበር ጠዋት ጠዋት ሥራዬ ያ ነበር፤ የሽርጥ ኪሴ ከቆርኪ ተለይቶ አያውቅም። ጋሽ አራጋው ይህን ሲያዩ ይስቁ ነበር።

"የኔ ልጅ፣ አንቺ እኮ ከእኔ በፊት ነው ይህን ሙያ የጀመርሽው" አሉኝ።

ሙያውን ያስተማሩኝ ማንም ሳያዛቸው ነው። ጠረጴዛውን ሲያስረዱኝ እንስራ ያዘለች ሴት ቁልቁለት ስትወርድ አይተሽ ታውቂያለሽ አሉኝ። ድንጋዩን ጉልበቷ ይቀበለዋል፣ ወገቧ ያበርደዋል፣ ውሃው ግን አይሰማም። ይህም እንደዚያው ነው። እግሮቹ ለሚሰማቸው ንቅናቄ ምን ያህል በርትተው መልስ እንደሚሰጡ የሚወስን ቁጥር ኮምፒውተሩ ላይ አለ። ጋሽ አራጋው ያን ቁጥር ትጋት ይሉታል። ትጋቱ ካነሰ እግሩ ያንቀላፋል፤ ከበዛ ደግሞ በራሱ እንቅስቃሴ እየደነገጠ መንዘፍዘፍ ይጀምራል። አንዱን እግር በጥቂቱ ከፍ ያደርጋሉ፣ እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ፣ መንዘፍዘፍ ሲጀምር ትንሽ ይመልሱታል። ከዚያ ወደ ሌላው እግር። አንዳንድ ቀን ለዚህ ግማሽ ቀን ይፈጃሉ፤ እኔ ሲሰለቸኝ እያዩ አይቸኩሉም።

ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ሲነካ ይቆጣሉ። አንድ ንኪ፣ አንድ ጻፊ፣ ይሉኛል። የብልሽት መዝገቡም ሥርዓት ነበረው። የታየው ነገር ይጻፋል፣ የተሞከረው ይጻፋል፣ ምክንያት የተባለው ይጻፋል፣ ይፈረማል። ከዚያ በታች አንድ መስመር ባዶ ይተዋል። ወረቀት የምንቆጥብ መስሎኝ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ያን መስመር ጽፌበት አስተካከሉኝ። ባዶው መስመር እውነተኛው ምክንያት በኋላ ለተገለጠለት ሰው የሚቆይ ነው። ፋብሪካ ሳለሁ፣ የማሽን በሽታ በመጀመሪያ የተባለው ሆኖ የተገኘው ጥቂት ጊዜ ነው አሉኝ።

አሁን ጥፋቱ ወደተጀመረበት የገና በዓል ልመለስ፤ ብሸሽም አይቀርልኝም።

የገና ዋዜማ ነበር። ከተማው በእግር በመጡ ምዕመናን ተጨናንቋል፤ ጋሽ አራጋውም ከዋድላ የመጡ ዘመዶቻቸውን ሊቀበሉ ከቀትር በኋላ ወጡ። ክፍሉን አጽድቼ ልዘጋ ብቻዬን ቀረሁ። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ስለነበር የመጠባበቂያው ባትሪም እዚያው እያየሁት አለቀ። እግሮቹ ሲዝሉ ገበታው በውስጣቸው ባለው ሞላ ላይ ብቻ ቀረና፣ በግድግዳው በኩል ወዳለው ወደ ሦስተኛው እግር አዘነበለ። ማይክሮስኮፑ በላዩ ነው። አቧራ ስጠርግ ዳሌዬ ቢነካው ሸርተት የሚል መሰለኝ። ያኔ እጄ የለመደውን አደረገ። ጥጉን በትከሻዬ ቀና አደረግኩና፣ ከኪሴ ሁለት ቆርኪ አውጥቼ ደራርቤ በገበታውና እግሩን በከበበው የብረት አቃፊ መሀል ሰካሁ። ጠረጴዛው ቀጥ አለ። እኔም ደስ ብሎኝ፣ መብራት ሲመጣ አወጣዋለሁ ብዬ በሩን ቆለፍኩ።

መብራቱ የመጣው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። እኔ በዓሉን አክብሬ፣ እንግዳ አስተናግጄ፣ ጭፈራ አይቼ ስመለስ ቆርኪው ከሐሳቤ ወጥቷል። ፍጹም ረስቼዋለሁ። እስከዚህ ያለው ጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

የመጀመሪያው ምስል በአግድም በተሰመሩ ቀጫጭን ጭረቶች ተሸፍኖ ወጣ። ጋሽ አራጋው አልደነገጡም። ከተማው ገና የሰው እግር አልቀለለውም፣ ከበሮውም አላባራም፣ እንጠብቅ አሉ። ምዕመናኑ ሄዱ፤ ጭረቱ ቀረ። ሦስተኛው እግር ብቻ ሲነዘፈዘፍ አዩ፤ ትጋቱን ቀነሱለት፤ መንዘፍዘፉን ተወ፤ ጭረቱ ግን ባሰ። ገመዱን ቀየሩ። የማዳመጫ መሣሪያውን ፈተሹት፤ ደህና ነው። አንድ ነክተው አንድ እየጻፉ አምስት ቀን አለፈ።

በአምስተኛው ቀን ገበታውን አንድ ነገር ነክቶት ይሆናል አሉ። ተንሳፋፊው ገበታ ከእግሩ አቃፊ ጋር በአንዲት ነጥብ እንኳ ከተነካካ የወለሉ ንቅናቄ በዚያች ነጥብ ሾልኮ ይወጣል፤ ሞተሮቹ ቢታገሉ ዋጋ የለውም። ስስ ወረቀት ቆርጠው በገበታው ሥር ባለው ክፍተት ዙሪያውን ማሳለፍ ጀመሩ። በሦስቱ ወገን አለፈ። በግድግዳው በኩል የወፈረው እጃቸው አልገባም።

"ያንቺ እጅ ቀጭን ነው፤ እስቲ አሳልፊው" አሉኝ።

ግድግዳው ሥር ተንበርክኬ ክንዴን አሾለክኩ። ወረቀቱ ጥቂት ሄደና እምቢ አለኝ። ያኔ ነው የታወሰኝ። ዋዜማው፣ ባትሪው፣ ትከሻዬ፣ ሁለቱ ቆርኪዎች፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጡ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር፤ እናቴ ሻይ ቤቷን ዘግታ እኔ ጋ ከመጣች ወር አልሞላትም። ሥራ አስኪያጁ ከኋላዬ ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ይህን ሁሉ የምናገረው ምክንያት እንዲሆነኝ አይደለም።

"አለፈ?" አሉኝ።

"አለፈ፣ ጋሼ።"

ጋሽ አራጋው ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉና መዝገቡ ላይ ጻፉ። ወረቀት በአራቱም ወገን አልፏል፤ በግድግዳው በኩል ያሳለፈችው የሺ። ስሜን ሲጽፉ አየኋቸው። ከዚያ በኋላ ያን ጥግ ዞረው አላዩትም። እኔ አለፈ ብያለሁና።

ብቻዬን ስሆን አወጣዋለሁ ብዬ ነበር። ግን ጋሽ አራጋው ከክፍሉ አልወጣ አሉ፤ ምሳቸውንም እዚያው በር ላይ መብላት ጀመሩ። አንድ ቀን ለሻይ ሲወጡ ሮጬ ገብቼ በሽቦ ብቆሰቁሰው ቆርኪው ጭራሽ ወደ ውስጥ ገባ።

ከመንገዱ ማዶ ወፍጮ ቤት አለ። ጭረቱ ከወፍጮው ይሆን ብለው ጋሽ አራጋው ሄደው ባለወፍጮውን ለመኑት፤ ለግማሽ ሰዓት ያቆምላቸው ዘንድ። ሰውየው አክብሯቸው አቆመ። የገበያ ቀን ስለነበር ከብልባላ ገብስና ጤፍ ጭነው የመጡ ሴቶች ተሰልፈዋል፤ አህዮቹም ጭነት ላይ ናቸው። እኔ መልእክተኛ ነበርኩ፤ በወፍጮ ቤቱና በጠረጴዛው ክፍል መሀል እየተመላለስኩ አሁን ቆሟል፣ አሁን ተነሥቷል እላለሁ። ጭረቱ ምንም እንደማይለወጥ አውቃለሁ። እያወቅኩ እመላለሳለሁ። መጨረሻ ላይ ጋሽ አራጋው ራሳቸው መጥተው ባርኔጣቸውን አወለቁና ሴቶቹን ይቅርታ ጠየቁ።

አንዲት ጠና ያለች ሴት፣ "አባቴ፣ እኛስ ግዴለም እንጠብቃለን። ግን ጠረጴዛ ምን ሆኖ ነው ወፍጮ የሚያስቆም?" አለቻቸው። ሴቶቹ ሳቁ። ጋሽ አራጋውም ፈገግ አሉ፤ ምን እንደሆነ እሳቸውም ገና አለማወቃቸውን ነገሯት።

የዚያን ዕለት መናገር ነበረብኝ። አልተናገርኩም። በመጀመሪያው ቀን ቢሆን ተራ ስሕተት ይባል ነበር፤ በወፍጮው ቀን ግን አንድ ሽማግሌ በገበያተኛ ፊት ባርኔጣ አውልቋል። እያንዳንዱ ቀን በቀደመው ላይ ተደርቦ ይከብደኝ ጀመር። ጋሽ አራጋው ከስተው ነበር። ዐይናቸውን ጨፍነው መዳፋቸውን ወለሉ ላይ ያሳርፋሉ፣ ቆይተው ደግሞ መዳፋቸውን ገልብጠው ያዩታል። አንድ ቀን እንዲሁ ተቀምጠው ሳሉ፣ "አርጅቻለሁ መሰለኝ፤ ድሮ ይሰማኝ ነበር" አሉ። ለማን እንዳሉት አላውቅም። በክፍሉ ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ።

ከተማ ውስጥ ወሬው ተዛመተ። ላሊበላ መሬት ይንቀጠቀጣል የሚሉት ሽማግሌ ይሏቸው ጀመር። ሥራ አስኪያጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክረምት ሳይገባ ማድረስ ያለበት ምስል ነበረውና ተጨነቀ። ጋሽ አራጋው ማይክሮስኮፑን አውርደን ገበታውን እናንሣው፣ ሥሩን በዐይኔ ልየው ብለው ሁለት ጊዜ ጠየቁት። ማይክሮስኮፑ ቢወድቅ ማን ይጠየቃል ብሎ ከለከላቸው። በስልክ የጠየቃቸው ባለሙያዎች ሦስተኛው እግር ሳያረጅ አይቀርም፣ ማስተካከያውንም ያበላሸው በእጁ የሚለካው ሰውዬ ነው አሉት። አዲስ እግር ታዘዘ። የጋሽ አራጋው ውልም በወሩ መጨረሻ እንደሚያበቃ በደብዳቤ ተነገራቸው። ደብዳቤውን የመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ ሥራዬ ነዋ።

የመጨረሻ ቀናቸው ዓርብ ዋለ። ለአዲሱ እግር ሲባል ማይክሮስኮፑ ወርዶ ስለነበር ገበታውን ለማንሣት የሚከለክል አልነበረም። አያ እሸቴና ሁለት ወዛደሮች በአንድ ወገን ያዙት፤ ጋሽ አራጋው በግድግዳው በኩል ተንበረከኩ። እኔ መዝገቡን ይዤ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። ገበታው ከፍ ሲል ጣታቸውን ሰደዱና አወጡ። መዳፋቸውን ሲዘረጉ ሁለት ቆርኪ ነው፤ አንዱ ባንዱ ውስጥ ተጨፍልቆ እንደ አንድ ሆኗል።

አዩት። ከዚያ ቀና ብለው እኔን አዩኝ። አስተያየታቸው ረጅም አልነበረም። ቁጣ ቢኖርበት ኖሮ እስከ ዛሬ ይቀለኝ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ድምፅ ሰምቶ ሲመጣ፣ ምን ተገኘ አለ።

"የገና ዋዜማ መብራት ሲጠፋ እኔ ለድጋፍ ያስገባሁት ነው" አሉት። "ረስቼው።"

ሰውየው ጋሼ፣ ይህን ሁሉ ቀን እኮ አለና እንደ ማፈር ብሎ ወጣ። ጋሽ አራጋው መዝገቡን ከእጄ ተቀበሉ፤ በጥሩ እጅ ጽሑፋቸው ጻፉ፣ ፈረሙ። ገበታው ተመለሰ፣ ማይክሮስኮፑ ተተከለ፣ የአራቱን እግር ትጋት ከመጀመሪያው ቀስ ብለው አስተካከሉ። ከሰዓት በኋላ የወጣው ምስል አንዲት ጭረት አልነበረበትም። እንደዚያ ያለ ጥሩ ምስል ከዚያ ወዲህም አላነሳንም።

ሻይ ልጋብዝሽ ብለው የዘወትር ቤታችን ወሰዱኝ። ጠረጴዛው እንደ ልማዱ ይወላገዳል። እኔ ቆምኩ፤ እጄን ወደ ወለሉ መስደድ አልቻልኩም። ጋሽ አራጋው ከኪሳቸው ያን የተጨፈለቀ ቆርኪ አወጡ፤ እያቃሰቱ ጎንበስ ብለው እግሩ ሥር ሰኩት፤ ጠረጴዛውን በጣታቸው ነካ አደረጉ።

"አሁን ቦታውን አገኘ" አሉ።

ሻያቸውን ጠጡ። ሁለተኛ ሻይ አዘዙ፤ ሁለተኛ ሻይ ሲጠጡ አይቻቸው አላውቅም። እሱንም ቀስ ብለው ጠጡ። ስለ እናቴ ጤና ጠየቁኝ፣ ስለ አዲሱ እግር መምጣት ነገሩኝ፣ ከዚያ ዝም ብለው መንገዱን ሲያዩ ቆዩ። ያኔ ይቅር ያሉኝ መስሎኝ ነበር፤ ይቅርታን እንደዚህ በዝምታ የሚሰጡ መስሎኝ። እየጠበቁኝ እንደነበር የገባኝ ቆይቶ ነው። በማግሥቱ ወደ ጋሸና፣ ከዚያ ወደ ኮን በሚሄደው መኪና ተሳፈሩ።

ሙከራዬ አለቀ፤ ቋሚ ሆንኩ። ብዙም ሳይቆይ መንገዱ መዘጋት ጀመረ፣ ኔትወርክ ለወራት ጠፋ፣ እንግዳ ከከተማው ቀረ፣ ያ ሻይ ቤትም ተዘጋ። በመንገዱ አሳበብኩ። መንገዱ ክፍት የነበረባቸውን ሳምንታት ግን እኔ አውቃቸዋለሁ። አንድ ቀን ስልክ ሠርቶ ጋሽ አራጋው ደወሉልኝ። ሦስተኛው እግር እንዴት ነው አሉኝ። ደህና ነው አልኳቸው። ሌላስ አሉኝ። ሌላም ደህና ነው አልኩ። እኔ ነኝ ወይስ ኔትወርኩ የቆረጠው፣ ተቋረጠ። መልሼ አልደወልኩም።

ለአርባቸው ኮን ሄድኩ። ነፋሱ ድንኳኑን ያርገበግበዋል፤ ሰዉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ተቀምጧል። ከላሊበላ መምጣቴ ሲነገራቸው ባለቤታቸው እትዬ ጥሩዬ እጄን ይዘው ወደ ውስጥ አስገቡኝ። ትንሽ፣ ዐይናቸው የደከመ ሴት ናቸው።

"የሺ የምትባይው ነሽ?" አሉኝ።

ነኝ አልኳቸው።

"ትመጣለች ይለኝ ነበር። መንገዱ የተከፈተ ለታ ትመጣለች፣ የምትነግረኝ ነገር አላት ይላል። መኪና በተሰማ ቁጥር ደጅ ደጁን ያያል። ምን ነበር ልጄ የምትነግሪው?"

እዚያው ቆሜ ነገርኳቸው። ስለ ዋዜማው፣ ስለ ወረቀቱ፣ ስለ ወፍጮው ሁሉንም ነገርኳቸው። እያለቀስኩ ነበር፤ እሳቸው አላለቀሱም። ጠረጴዛ እንዴት ተንሳፎ እንደሚቆም አልገባቸውም፤ አለፈ ማለቴ ግን ገባቸው። እያወቀ ነው ጥፋቱን ለራሱ የወሰደው አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ከዚያ ተነሡ።

"ልጆቹ አባታችን ዘንግቶ፣ አርጅቶ ከሥራ ወጣ ብለው ነው የቀበሩት" አሉ። "እሱም ለእነሱ እንደዚያ ነው ያላቸው። ለእኔ የነገርሽኝን ለእነሱ ንገሪያቸው።"

ድንኳኑ ውስጥ ቆሜ ነገርኳቸው። ቄሶቹም ዘመዶቹም ሰሙ። የበኩር ልጃቸው ታደሰ ፍላቂት ላይ የአባቱን የሬዲዮ ጥገና ቤት የያዘው ነው፤ በአባቱ ቁመት፣ በአባቱ ወፍራም ጣት። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

"ወረቀቱ እምቢ ሲልሽ ነው ያወቅሽው፣ ወይስ በኋላ?"

"ያኔውኑ" አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። ማሰሮውን አንሥቶ ጠላ መቅዳት ጀመረ። ከቄሶቹ ጀምሮ በተራ ቀዳ። እኔ ጋ ሲደርስ ባዶ ብርጭቆዬን አየና አልፎ ለቀጣዩ ሰው ቀዳ። እናቱ አይተዋል። ማለፉ ልክ ነበር። ብርጭቆዬን ይዤ እስከ መጨረሻው ተቀመጥኩ።

ሰኞ ዕለት ጫማዬን በሩ ላይ አውልቄ ገባሁ። ሥራ አስኪያጁ ከተቀየረ ቆይቷል፤ ያን መዝገብ የሚያነብ ሰው የለም። ገጹን ገለጥኩ። ፊርማቸው አለ፣ ከፊርማቸው በታች እንደ ሥርዓታቸው አንድ መስመር ባዶ ትተዋል። ያን ዓርብ ሲጽፉ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ባዶውንም አይቼው ነበር። እስክሪብቶ አነሣሁና ጻፍኩ። ቆርኪውን ያስገባሁት እኔ የሺ ነኝ። ወረቀቱ አላለፈም።